የማርጋሪቶ ፋሻ እና ያልታረመው ዝግጅት

ለተከበራችሁ የስፖርት ዝግጅት ክፍል ኃላፊዎችና አዘጋጆች፤

ጤና ይስጥልን።

ስለ ሜክሲኳዊው ቦክሰኛ ስለ አንቶኒዮ ማርጋሪቶ ያቀረባችሁት ዝግጅት ስህተት እንዳለበት በጽሑፍ አሳውቀናችሁ ነበር። ዝግጅቱ ግን አንድም ቃል ሳይታረም ተደግሞ ተላለፈ። የተሰጠን መልስም ሥራው ለመዝናኛ ስለሆነ እርማት አያስፈልገውም የሚል ነው። ደብዳቤያችንን ወደ አደባባይ ያወጣነው በዚህ ምክንያት ነው። የጣቢያውን ስም አንጠራም፤ የሚመለከታችሁ ታውቁታላችሁ።

እኛ የቦክሰኛ እጅ በፋሻ የምንጠቀልልና በግጥሚያ ጊዜ ረዳት ሆነን በሪንጉ ማዕዘን የምንቆም ሰዎች ነን። የማርጋሪቶ ጉዳይ፣ ማለትም ከግጥሚያ በፊት በእጁ ፋሻ ውስጥ የተከለከለ ጠንካራ ነገር መገኘቱ፣ የጀግና ወይም የወንበዴ ተረት ተደርጎ ሲነገር ቁም ነገሩ ይጠፋል። ቁም ነገሩ ያለው መልበሻ ክፍል ውስጥ ነው፦ እዚያ ማን ምን አየ፣ ማንስ ማየት ሲገባው ሳያይ ቀረ። ቅሬታችንን በተራ እናቀርባለን። ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፤ «እጁ ላይ ፕላስተር ተገኘ» ብላችኋል። ይህች አንዲት ቃል ዝግጅቱን በሙሉ አበላሽታዋለች። በአማርኛ ፕላስተር የምንለው ቁስል ላይ የሚለጠፈውን፣ እኛም ፋሻ የምናስርበትን ተለጣፊ ጨርቅ ነው። እጁ ላይ ፕላስተር የሌለበት ፕሮፌሽናል ቦክሰኛ የለም፤ በደንብ የተፈቀደ ነው። በማርጋሪቶ ጉዳይ የተነሳው ጀሶ ነው፤ ያው የተሰበረ እግር የሚታሰርበት፣ ግድግዳና ኮርኒስ የሚለሰንበት ነጭ ዱቄት። (እኛ ዘንድ ደግሞ እንጀራ ውስጥ ገባ እየተባለ ስሙ ስንት ጊዜ ተነሥቷል።) የእንግሊዝኛው ቃል ሁለቱንም ስለሚጠራ ተርጓሚያችሁ ተሳስቷል። መሳሳቱ አይደንቅም፤ ተነግሯችሁ አለመመለሳችሁ ነው የሚደንቀው። አሁን የተፈቀደውን ፕላስተር ማጭበርበሪያ አድርገው የሚያዩ ጀማሪዎች አሉ፤ ይህን ያስተማራቸው የእናንተ ትርጉም ነው።

ነገሩ የቃል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጀሶ ካልሲየም ሰልፌት ነው። ዱቄቱ በሙቀት ውሃው የተቀነሰበት ስለሆነ እርጥበት ሲያገኝ መልሶ ይጠጣል፣ ይሞቃል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ይደርቃል። ጎዝ (ለፋሻ የሚሆነው ስስ ጨርቅ) ላይ የተነሰነሰ ጀሶ ደረቅ ሳለ ሲዳሰስ ሻካራ ብቻ ሊመስል ይችላል። ጓንት ውስጥ ገብቶ የእጅ ላብ ሲያገኘው ግን ወደ ድንጋይነት ይሄዳል። በብዙ ቦታ የተጠቀለለ ፋሻ ላይ ውሃ ወይም ሌላ ፈሳሽ ማፍሰስ የሚከለከለው በከንቱ አይደለም። የካሊፎርኒያ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪ ከማርጋሪቶ ፋሻ በወጡት ትራሶች (በጣት አንጓዎች ላይ የሚቀመጥ የታጠፈ ጎዝ) ላይ ያገኘው ካልሲየምና ሰልፈር ነው፤ እነዚህ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐዱ ጀሶ የሚሆኑ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ስለ ግኝቱ ስትናገሩ ይህንኑ ተናገሩ።

ሁለተኛ፤ «በአጋጣሚ ተደረሰበት» ብላችኋል። ከሁሉም በላይ የከነከነን ይህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም እንላለን።

ጃንዋሪ 24 ቀን 2009 ሎስ አንጀለስ፣ ስቴፕልስ ሴንተር። ማርጋሪቶ የዌልተር ሚዛን ቀበቶውን ይዞ ከሼን ሞዝሊ ጋር ሊገጥም እጁ እየተጠቀለለ ነው። የሞዝሊ አሰልጣኝ ናዚም ሪቻርድሰን እንደ ደንቡ የተቃራኒውን ክፍል ሊያይ ገባ። የተጠቀለለውን እጅ ዳሰሰ፤ አልተዋጠለትም፤ ይፈታ አለ። ሲፈታ በጣት አንጓዎቹ ላይ የተቀመጠው ትራስ እንደ ጎዝ ለስላሳ ሳይሆን ጠንካራ ሆኖ ተገኘ። ትራሶቹ ተያዙ፣ ሁለቱም እጆች እንደ አዲስ ተጠቀለሉ፣ ማርጋሪቶ ወደ ሪንግ ወጣ፣ በዘጠነኛው ዙር በቴክኒክ ዝረራ ተሸነፈ። ሞዝሊ ያኔ 37 ዓመቱ ነበር፤ ያሸንፋል ብሎ የገመተው ጥቂት ሰው ነው።

ይህ አጋጣሚ ነው? ሪቻርድሰን ከዚያ በፊት ሴፕቴምበር 29 ቀን 2001 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ በቦክሰኛው በበርናርድ ሆፕኪንስ ወገን ሆኖ የተጋጣሚውን የፊሊክስ ትሪኒዳድን እጅ ሲጠቀለል አይቷል። ያኔም የፕላስተሩንና የጎዙን አደራረብ ተቃውሞ እጁ እንደገና እንዲጠቀለል አድርጓል። ጀሶ አልነበረም። ግን ፕላስተር፣ ጎዝ፣ እንደገና ፕላስተር እየተባለ የተነባበረ እጅ ያለ አንድ ቅንጣት ጀሶ ካርቶን ይሆናል። እንግዲህ ይህ ሰው በስምንት ዓመት ውስጥ በሁለት ትልልቅ ግጥሚያዎች ፋሻ ያስፈታ ነው። ዕድል አትበሉት፤ ሙያ ነው።

የሚታየው ምን እንደሆነ ለተመልካቻችሁ ባትነግሩም እኛ እንናገር። ቦክሰኛው ወንበር ገልብጦ ይቀመጣል፣ ክንዱን መደገፊያው ላይ ያሳርፋል፣ ጣቶቹን ይዘረጋል። ጎዙ ከነማሸጊያው መጥቶ እዚያው መከፈት አለበት። በኔቫዳ ደንብ የጎዙ ወርድ ከ2 ኢንች፣ ማለትም ከ5 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ አይበልጥም፤ ለአንድ እጅ እስከ 20 ያርድ ይፈቀዳል፤ ይህም 18 ሜትር ያህል ነው። መጀመሪያ የእጅ አንጓው ሦስት አራት ጊዜ ይዞርበታል፤ ሸክሙን የሚይዘው እሱ ነው። ቀጥሎ ጎዙ ስድስት ወይም ስምንት ጊዜ ይታጠፍና ትራስ ይሠራል፤ ትራሱ በአራቱ የጣት አንጓዎች ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በስምንት ቁጥር ቅርጽ በአውራ ጣት ሥር እየዞረ ይታሰራል። በመጨረሻ ፕላስተር፤ እጁ ሲጨበጥ ፕላስተሩ ከጣት አንጓዎቹ ሦስት አራተኛ ኢንች፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ሳይደርስ መቆም አለበት። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ በአራተኛው ዙር ቦክሰኛው እጁን እያራገፈ ሲመለስ ምክንያቱ ይህ ነው። ከላላ ደግሞ ከቀለበትና ከትንሿ ጣት ሥር ያለው የመዳፍ አጥንት ይሰበራል።

የማጭበርበሩ በር ትራሱ ነው። ሌላው ሁሉ ሰው ፊት ከጥቅልል እየተፈታ ይሠራል፤ ትራሱ ግን ተዘጋጅቶ ከቦርሳ ሊወጣ ይችላል፣ ሁለት ዙር ጎዝ ሲያልፍበትም ከዓይን ይሰወራል። የማርጋሪቶ አሰልጣኝ ሃቪየር ካፔቲዮ በችሎቱ ላይ የሰጠው ማብራሪያም ከቦርሳው ተሳስቶ ሌላ ቦክሰኛ በልምምድ የተጠቀመበትን ትራስ አወጣሁ የሚል ነበር። ማብራሪያውን እውነት ነው ብለን ብንቀበለው እንኳ መድኃኒቱ ያው ነው፦ ትራስ ከቦርሳ አይወጣም፤ ታዛቢ ፊት ከአዲስ ጥቅልል ይታጠፋል።

ታዛቢውም ዝም ብሎ አይቆምም። እያንዳንዱን የጣት አንጓ በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ ጎዝ ይሰምጣል፣ ጀሶ አይሰምጥም። ግራና ቀኙን ያመዛዝናል። ቀለሙን ያያል፦ አዲስ ጎዝ ነጭ ነው፣ ያደፈ ወይም የቀለመ ትራስ ከየት መጣ? ከዚያ በማርከር ይፈርምበታል። ጓንቱ እስኪገባ ድረስ ያ እጅ ከታዛቢ ዓይን አይለይም፤ የጓንቱ ማሰሪያ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተርም ይፈረምበታል። አንዱ ከጎደለ የቀረው ጌጥ ነው። ስቴፕልስ ሴንተር ክፍሉ ውስጥ ቦክስን የሚቆጣጠረው የካሊፎርኒያ ኮሚሽን ተቆጣጣሪዎች ነበሩ፤ ይፈታ ያለው ግን የተቃራኒው አሰልጣኝ ነው። ዝግጅታችሁ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ይህ ነበር፤ አልጠየቃችሁትም።

ሦስተኛ፤ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን አንድ አድርጋችኋል። ማርጋሪቶ ከጓንቱ ውስጥ ሙሌት አውጥቶ እንደተጋጠመ ትናገራላችሁ። ያ የሌላ ሰው ታሪክ ነው። ጁን 16 ቀን 1983 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ሉዊስ ሬስቶ የተባለው ፖርቶ ሪኳዊ ቢሊ ኮሊንስ ታናሹን አሥር ዙር ሙሉ ፊቱን አበላሸው። ግጥሚያው ሲያበቃ የኮሊንስ አባት፣ አሰልጣኙም የነበረው፣ የሬስቶን እጅ ሲጨብጥ ጓንቱ ሳስቶ አገኘው። የጓንቶቹ ሙሌት ተቀንሷል። ኮሊንስ ዓይኑ ተጎድቶ ከዚያ በኋላ አልተጋጠመም፤ ዓመት ሳይሞላም በመኪና አደጋ ሞተ። ሬስቶና አሰልጣኙ ፓናማ ሉዊስ ታሰሩ። ሬስቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ፋሻውም ጀሶ እንደነበረበት አምኗል። ግራ የተጋባችሁት ምናልባት በዚህ ይሆናል። ማርጋሪቶ ግን በጓንት ተከሶ አያውቅም፤ ታስሮም አያውቅም። የጓንትና የፋሻ ቁጥጥር ደግሞ የተለያየ ሥራ ነው፦ ጓንት ይመዘናል፣ ይታሸጋል፣ ከግጥሚያ በኋላ ይሰበሰባል፤ ፋሻ የቦክሰኛው የራሱ ሰው የሚሠራው ነው።

አራተኛ፤ ማርጋሪቶ ፖርቶ ሪኳዊውን ቦክሰኛ ሚጌል ኮቶን በጀሶ አሸነፈው ብላችሁ እንደተረጋገጠ ነገር ነግራችኋል። አልተረጋገጠም። ጁላይ 26 ቀን 2008 ላስ ቬጋስ፣ ኤምጂኤም ግራንድ። ኮቶ 32 ጊዜ ተጋጥሞ አልተሸነፈም። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በፍጥነትና በእግር ሥራ ወሰደ፤ ማርጋሪቶ እየተመታ ወደፊት ሄደ፣ ገመድ ላይ አስጠጋው፣ ከታች ወደ ላይ በሚወረወር ቡጢ አገጩን ደጋግሞ አገኘው። በ11ኛው ዙር ኮቶ ሁለት ጊዜ በጉልበቱ ተቀመጠ፤ ማዕዘኑም አስቆመለት። በዚያ ሌሊት ፋሻው ሳይመረመር ቀርቷል፤ ስለዚያ ምሽት የወሰነ ኮሚሽን የለም። ስድስት ወር ቆይቶ የሎስ አንጀለሱ ነገር ሲወጣ ኮቶ ጠረጠረ፤ ከግጥሚያው በኋላ የተነሳ የተቀደደ ፋሻ ፎቶግራፍም አሳየ። ጥርጣሬው ምክንያት የለውም አንልም፤ ከእኛም መካከል የሚጋሩት አሉ። ነገር ግን ማርጋሪቶ 1 ሜትር ከ80፣ ኮቶ ከእሱ አጠር ያለ፤ አንዱ የማይደክም፣ አንዱ ወደ ኋላ እየሄደ የሚደክም፤ ያ ግጥሚያ ያለ ጀሶም እንደዚያ ሊያልቅ ይችል ነበር። ፎቶግራፍ አይዳሰስም፤ ላቦራቶሪም አይገባም።

የካሊፎርኒያ ኮሚሽን ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2009 የማርጋሪቶንና የካፔቲዮን ፈቃድ ሲሰርዝ የፈረደው ስለ ሞዝሊው ምሽት ብቻ ነው። ማርጋሪቶ አላውቅም ነበር አለ። ቅጣቱ ግን ያወቀ መሆኑን በማረጋገጥ ላይ የቆመ አልነበረም፤ እጁ ላይ ያለው ነገር ደንብ የጣሰ መሆኑ በቂ ነበር። ፍርድ ቤትም በ2010 ይህንኑ አጸና። «ሆነ ብሎ እንዳደረገው ተፈርዶበታል» ያላችሁት ስለዚህ ስህተት ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ የእኛ አቋም ከኮሚሽኑ ጋር ነው፦ ቦክሰኛ ትራሱ ሲቀመጥለት ጥንካሬው ይሰማዋል ወይስ አይሰማውም ብሎ መከራከር ማለቂያ የለውም። እጁ የእሱ ነው፤ ኃላፊነቱም የእሱ ነው።

አምስተኛ፤ የማርጋሪቶን ጉልበት ወይ «የብረት ቡጢ» ወይ «የጀሶ ቡጢ» አድርጋችሁ ሁለት ቦታ ከፈላችሁት፤ ሁለቱም ሥራውን አይገልጽም። የተወለደው ካሊፎርኒያ፣ ቶራንስ ውስጥ በ1978 ነው፤ ያደገው ግን ቲህዋና ነው። ፕሮፌሽናል የሆነው በ1994፣ በ15 ዓመቱ። በዚያ ዕድሜ ከጎልማሶች ጋር ተጋጥሞ እስከ 1996 ሦስት ጊዜ ተሸነፈ፤ እናንተ «በወጣትነቱ የማይበገር» ያላችሁት ይህን ጊዜ ነው። በ2002 አንቶኒዮ ዲያዝን በአሥረኛው ዙር አስቁሞ የዓለም ቦክስ ድርጅትን (ደብሊውቢኦ) ቀበቶ ያዘ፤ ከአምስት ዓመት በላይ ቆየበት። በ2007 ረጅሙ ግራኝ ፖል ዊሊያምስ በነጥብ ወሰደበት። ከርሚት ሲንትሮንን ሁለት ጊዜ አስቁሞታል፦ በ2005 በአምስተኛው፣ በ2008 በስድስተኛው ዙር። ሁለተኛውን የጨረሰው ሆድ ላይ ባሳረፈው ቡጢ ነው።

ሙሉ መዝገቡ 41 ድል፣ 8 ሽንፈትና አንድ ውጤት አልባ ግጥሚያ ነው፤ ከድሎቹ 27ቱ በዝረራ። ቁጥሩን በሚገባ ያየ ሰው በአንድ ቡጢ የሚጥል ሰው እንዳልሆነ ይገነዘባል። የእሱ መንገድ ሌላ ነበር፦ ቡጢ እየተቀበለ ይጠጋል፣ በዙር ውስጥ ብዙ ይወረውራል፣ ሆድ ይመታና እጅ ሲወርድለት ከታች ወደ ላይ ይልካል። በስድስተኛው ዙር የማይጥል ቡጢ በአሥረኛው ይጥላል። ይህን ለማድረግ ሳንባና አንገት እንጂ ጀሶ አያስፈልግም። ይህን መንገድ ሳታስረዱ «አንድ ቡጢ በቂው ነበር» ማለታችሁ ተመልካቹን ቀጥታ ወደ ጀሶው ይመራዋል።

እግረ መንገዳችንን፦ የዌልተር ሚዛን ጣሪያ 147 ፓውንድ፣ ማለትም 66.7 ኪሎ ነው። በዝግጅታችሁ አንድ ቦታ ከባድ ሚዛን ሆኗል።

ስድስተኛ፤ ታሪኩን 2009 ላይ አቁማችሁታል፤ የመጨረሻው ክፍል ግን ለቦክሰኛ ጤና ከሁሉም የሚጠቅመው ነው። ካሊፎርኒያ በኦገስት 2010 ፈቃድ ከለከለችው፤ በዚያው ወር ቴክሳስ ሰጠችው። ኖቬምበር 13 ቀን 2010 አርሊንግተን ላይ ከማኒ ፓኪያዎ ጋር በ150 ፓውንድ ስምምነት ተጋጠመ። ፓኪያዎ 474 ቡጢ አሳረፈበት፤ አንዱ ዳኛ 120 ለ108 ጻፈ። የቀኝ ዓይኑ ዙሪያ አጥንት ተሰበረ፤ ግጥሚያው ግን እስከ 12ኛው ዙር ቀጠለ። በኋላ ከዓይኑ የሞራ ግርዶሽ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ተተከለለት። የኒውዮርክ ኮሚሽን አንገራግሮ ከምርመራ በኋላ ፈቀደለት፤ ዲሴምበር 3 ቀን 2011 ኮቶ ያንኑ ዓይን እየመረጠ መታው፤ ዘጠነኛው ዙር እንዳለቀ ሐኪም አስቆመው። ለዚያ ዓይን ሲባል በአርሊንግተን በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው ዙር ማዕዘኑ ፎጣ ወርውሮ ግጥሚያውን አስቁሞለት ቢሆን ኖሮ ብለን እንጸጸታለን። ማርጋሪቶን በፋሻው ስለወቀስነው ዓይኑ አያሳስበንም ማለት አይደለም።

የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

ዝግጅቱ እስኪታረም ድረስ ዳግም እንዳይተላለፍ። ከላይ የተዘረዘሩት ስህተቶች፣ በተለይም ፕላስተር የተባለው ጀሶ፣ የሬስቶ ጓንት ለማርጋሪቶ መሰጠቱና የኮቶው ግጥሚያ እንደተረጋገጠ መነገሩ፣ ዝግጅቱ በተላለፈበት ሰዓት በድምፅ እንዲታረሙ፤ በስክሪኑ ግርጌ በሚሮጥ ጽሑፍ ብቻ አይበቃም።

ስለ እጅ አጠቃለል አሥር ደቂቃ ስጡን። አንድ ወንበር፣ ሁለት ጥቅልል ጎዝ፣ አንድ ጥቅልል ፕላስተር፣ መቀስና ማርከር እናመጣለን፤ ከፈለጋችሁ አንዱን ትራስ በጀሶ ሠርተን ካሜራ ፊት እናስዳስሳችኋለን። ክፍያ አንጠይቅም።

ወደፊት የቦክስ ዝግጅት ከመተላለፉ በፊት ትርጉሙን የሚያይ አንድ የማዕዘን ባለሙያ ይኑር። በሰባት ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንድትሰጡን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፤

የቦክስ አሰልጣኞች፣ እጅ ጠቅላዮችና የማዕዘን ረዳቶች
አዲስ አበባ